አንድ ዘፈን፣ ሁለት ቤዝ ተጫዋች

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ 26 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ክለብ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ቀን ቀን ሥራ ሲገኝ ስቱዲዮ እየገባሁ ለሰው አልበም እቀዳለሁ። የሶል ሙዚቃ በጣም እወዳለሁ፤ የራሴን ዘፈኖችም መጻፍ ጀምሬአለሁ። ሰው ሁሉ ‹አንዱን ያዝ› ይለኛል። ሴሽን ቤዝን (ስቱዲዮ እየተጠሩ ለሌላ ሰው መቅዳትን) ከዘፈን ድርሰት ጋር አንድ ላይ ይዞ የኖረ ሰው አለ? ደግሞ ስቱዲዮ ውስጥ እኔ ያወጣሁት የቤዝ መስመር ዘፈኑን ዘፈን ካደረገው፣ ከዘፈኑ ድርሻ አለኝ ወይ?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ «አንዱን ያዝ» የሚሉህን ለጊዜው ተዋቸውና አንድ ዘፈን እንስማ። «ጀስት ዘ ቱ ኦፍ አስ»። የግሮቨር ዋሽንግተን ሳክስፎን፣ የቢል ዊዘርስ ድምፅ። አዲስ አበባ ውስጥ እሱን ያልተጫወተ የሆቴል ባንድ ያለ አይመስለኝም፤ አንተም ሳትጫወተው አትቀርም። የተቀዳው በ1980 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። (ይህንንም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጠራቸውን ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ያዛቸው።)

እዚያ ዘፈን ላይ ሁለት ቤዝ ተጫዋቾች አሉ። አንዱ ይሰማል፣ አንዱ አይሰማም። የሚሰማው ማርከስ ሚለር ነው። ያኔ ገና 21 ዓመቱ ነበር፤ ካንተ ያንሳል። የማይሰማው ዊልያም ሳልተር ይባላል። ሳልተርም ቤዝ ተጫዋች ነው። በዚህ ቅጂ ላይ ግን ቤዙን የያዘው እሱ አይደለም። እሱ ከዘፈኑ ሦስት ደራሲዎች አንዱ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ራልፍ ማክዶናልድና ራሱ ቢል ዊዘርስ ናቸው።

ሁለቱም የየድርሻቸውን አሳምረው ሠርተዋል። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘፈኑ በ1981 በአሜሪካ የፖፕ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት የምርጥ የአር ኤንድ ቢ ዘፈን ግራሚን ወሰደ። ይህ ሽልማት የሚሰጠው ለደራሲዎች ስለሆነ ሳልተር ተሸለመ። በ1998 ዊል ስሚዝ ዘፈኑን ወስዶ ለልጁ ራፕ ሲያደርግበት፣ የነሳልተር ስም አብሮ ሄደ። የሚለር ቤዝ ግን ቀድሞ ተከፍሎበት አልቋል።

ነገሩን በእኛ አገር ቋንቋ ላስቀምጠው። ግንበኛው ቤቱን አሳምሮ ይገነባና የቀኑን ተቀብሎ ይሄዳል። ባለቤቱ በየወሩ ኪራይ ይቀበላል። ግንበኛው ስለሰነፈ አይደለም። ካርታው በስሙ ስላልሆነ ነው።

እስቲ የገንዘቡን መንገድ ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ነው የሚደናገሩት። በአሜሪካ በሙዚቀኞች ማኅበር ደንብ አንድ መደበኛ የስቱዲዮ ሴሽን ሦስት ሰዓት ነው። ለዚያ ሦስት ሰዓት የተቆረጠ ታሪፍ አለ፤ የሴሽኑ መሪ እጥፍ ያገኛል። ስም ያለው ሙዚቀኛ ከታሪፉ በላይ ይደራደራል። በቃ። ዘፈኑ ወደቀም ተነሣም የክፍያው ዋና ክፍል እዚያው ያልቃል። ደራሲው ግን የሚበላው ከሌላ ሳህን ነው። ሸክላው ወይም ሲዲው በተሸጠ ቁጥር በሕግ የተቆረጠ ሳንቲም አለው። ይህቺ ሳንቲም ከ1909 ጀምሮ ለ70 ዓመት ያህል 2 ብቻ ነበረች። ከ2006 እስከ 2022 ድረስ ደግሞ 9.1 ሆና ቆየች። ትንሽ ትመስላለች አይደል? ሚሊዮን ቅጂ ሲሸጥ 91,000 ዶላር ትሆናለች፤ ደራሲዎቹና አሳታሚው ይካፈሏታል።

ሬዲዮን ደግሞ ተመልከት። በአሜሪካ ተራው ኤፍኤም ጣቢያ ዘፈን ሲያጫውት ለደራሲው ይከፍላል። ለቤዝ ተጫዋቹ አይከፍልም። ብታምነኝም ባታምነኝም ለዘፋኙም አይከፍልም! የኢንተርኔትና የሳተላይት ሬዲዮ ሲመጣ ለተጫዋችም ትንሽ ቀዳዳ ተከፈተ። ከዚያ ከሚሰበሰበው ገንዘብ 5 በመቶው ለአጃቢ ሙዚቀኞችና ለአጃቢ ድምፃውያን ይመደባል። አምስቱን ለስንት እንደሚካፈሉት አንተው አስበው።

አሁን ወደ ሳልተር ልመለስ። ምክንያቱም የመጀመሪያ ጥያቄህ መልስ እሱ ነው። ሳልተር ስሙ በየመድረኩ የሚጠራ ሰው አይደለም። በዘፋኙ በሃሪ ቤላፎንቴ ባንድ ውስጥ ቤዝ ይጫወት ነበር። እዚያው ባንድ ውስጥ ከበሮና ኮንጋ የሚመታ ማክዶናልድ የሚባል ጎረምሳ ነበር፤ በ17 ዓመቱ የገባ። ሁለቱም ከኋላ የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። መብራቱ የሚያርፈው ፊት ላይ ነው። እነሱ ግን አንድ ነገር ገባቸው። ከአቀናባሪው ከዊልያም ኢተን ጋር ሆነው በ1960ዎቹ መጨረሻ የራሳቸውን የዘፈን አሳታሚ ድርጅት አቋቋሙ። ስሙ አንቲዚያ ይባላል። ማለትም ዘፈን ከመጻፋቸውም በላይ፣ ካርታውን የሚያወጣውን ቢሮ ራሳቸው ከፈቱት።

ከዚያ በ1972 ሮበርታ ፍላክና ዶኒ ሃታዌይ «ዌር ኢዝ ዘ ላቭ»ን ዘፈኑ። የማክዶናልድና የሳልተር ድርሰት ነው። በአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ዘፋኞቹም ግራሚ ወሰዱበት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ለግሮቨር ዋሽንግተን «ሚስተር ማጂክ»ን ሰጡ። ከዚያ ያ የ1980ው ዘፈን መጣ። እሱ የተቀዳበት ሮዝበድ የሚባለው ስቱዲዮ ሳይቀር የማክዶናልድ ነበር። ተመልከት እንግዲህ፤ የቤላፎንቴ አጃቢዎች የነበሩ ሰዎች ድርሰቱም የእነሱ፣ አሳታሚውም የእነሱ፣ ስቱዲዮውም የእነሱ። እና እየሠሩ ሴሽን አላቆሙም። ማክዶናልድ በብዙ መቶ ሪከርዶች ላይ ከበሮ እየመታ ነው ይህን ሁሉ ያደረገው። «አንዱን ያዝ» ያላቸው ሰው ኖሮ ከሆነ አልሰሙትም።

የቢል ዊዘርስን ነገር ሳልነግርህ አላልፍም፤ ለሁለተኛው ጥያቄህ ይጠቅማል። እነማክዶናልድ ዘፈኑን ይዘው ወደ እሱ ሲሄዱ ግጥም ነበረው። ዊዘርስ በቃላት ጉዳይ አስቸጋሪ ሰው ነበር፤ ራሱም ያምን ነበር። ቃላቱን ትንሽ እንዳሻሽላቸው ከፈቀዳችሁልኝ እዘፍናለሁ አለ። ፈቀዱ፤ ስሙም ከደራሲዎቹ ጋር ገባ። ልብ በል፤ መጀመሪያ ተነጋገሩ፣ ከዚያ ሠራ። ዘፍኖ ከጨረሰ በኋላ «እኔ እኮ ቃል ቀይሬ ነበር» አላለም።

አሁን ደግሞ ልብ የሚሰብረውን ታሪክ ስማ። ቤዝ የያዘ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ስለሚገባ ነው የምነግርህ። ጄምስ ጄመርሰን።

ጄመርሰን በ1936 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ተወለደ፤ በ1954 ዲትሮይት ገባ። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እያለ ትልቁን የቁም ቤዝ ያዘ። ከ1959 ጀምሮ ሞታውን ለሚባለው የሶል ሸክላ ኩባንያ ይቀዳ ነበር። ሞታውን ያኔ ዌስት ግራንድ ቡሌቫርድ ላይ ያለ ተራ መኖሪያ ቤት ነው። ስቱዲዮዋ ጠባብ ነበረች፤ ሙዚቀኞቹ «የእባብ ጉድጓድ» ይሏት ነበር። የ1962 ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ ነበረችው። ክሩ ወፍራም፣ ልሙጥ፤ ካልተበጠሰ አይቀየርም። የቀኝ እጁን አመልካች ጣት ብቻ ነበር የሚጠቀመው። አንድ ጣት! ጓደኞቹ «መንጠቆው» ብለው ስም አውጥተውለት ነበር። አንተና እኔ በሁለትና በሦስት ጣት የማንደርስበትን በአንዷ ጣት ሄዶበታል። ከእሱ በፊት የፖፕ ቤዝ በአብዛኛው ወለሉን ይዞ የሚቀመጥ ነገር ነበር። እሱ ቤዙን ዘፋኝ አደረገው። ከዘፋኟ ሥር ሌላ ዜማ ያዜማል፤ ግን አይጋፋትም።

ከ20 በላይ አንደኛ የወጡ ዘፈኖች ላይ ተጫውቷል። ስሙ ግን ሸክላው ላይ አልነበረም። ሞታውን ሙዚቀኞቹን በአልበም ላይ በስም መጥራት የጀመረው በ1971 በወጣው የማርቪን ጌይ አልበም ነው። ለዚያ አልበም መጠሪያ ዘፈን ሲቀዳ ጄመርሰን ከመስከሩ የተነሣ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶት ወለል ላይ ተንጋልሎ ነው የተጫወተው ይባላል። ያን ክፍል ቁጭ ብለህ ለመጫወት ሞክረውና ደውልልኝ።

በ1972 ሞታውን ወደ ሎስ አንጀለስ ጠቅልሎ ሄደ። ጄመርሰንም ተከትሎ ሄደ፤ ግን እዚያ ነገሩ አልሆነለትም። በ1983 የሞታውን 25ኛ ዓመት በዓል በትልቅ ድግስ ሲከበር፣ እሱ ትኬት ገዝቶ ከተመልካች ጋር እንደተቀመጠ ይነገራል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ላይ በ47 ዓመቱ ሞተ። ያቺ ቤዙም ከመሞቱ ጥቂት ቀን በፊት ተሰርቃ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። በ2000 የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ውስጥ ስሙ ገባ። 17 ዓመት ዘግይቶ።

መጠጡ ጎድቶታል፤ አልክድም። ሁሉንም ነገር በውል ላይ ማላከክ አይቻልም። ግን አንድ ነገር ልብ በል። እሱ የተጫወተባቸውን የዚያን ዘመን ትንንሽ ሸክላዎች አንዱን አንሥተህ መሐሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት ብታነበው፣ ከዘፈኑ ርዕስ ሥር በቅንፍ ውስጥ ስሞች ታገኛለህ። ሆላንድ፣ ዶዚየር፣ ሆላንድ። ወይም ሮቢንሰን። እነሱ ደራሲዎቹ ናቸው። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዘፈን ላይ የሠሩ ሰዎች፤ አንዱ በቅንፍ ውስጥ፣ ሌላው ከቅንፍ ውጪ። የሳልተርና የጄመርሰን ልዩነት ያቺ ቅንፍ ናት። በቤዝ ችሎታ ከሆነማ ጄመርሰንን ማን ይደርስበታል።

ማርከስ ሚለር ደግሞ ሁለቱንም መንገድ በአንድ ዕድሜ የሄደ ሰው ነው። ላንተ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። በ1959 ብሩክሊን ተወለደ፤ ያደገው ኩዊንስ ነው። አባቱ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወት ነበር። ትልቁ የጃዝ ፒያኒስት ዊንተን ኬሊ ዘመዱ ነው። ማርከስ የጀመረው በክላሪኔት ነበር። ኖታ ማንበብ የተማረው በዚያ ነው፤ ለኋላ እንጀራው ትልቅ ስንቅ ሆኖለታል። በ13 ዓመቱ ገደማ ቤዝ ያዘ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ እያለ ኒውዮርክ ውስጥ ይከፈለው ጀመር፤ የማስታወቂያ ሙዚቃ ሳይቀር። ማስታወቂያን አትናቅ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወረቀት ሰጥተውህ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሳትሳሳት ቀድተህ የምትወጣበት ቦታ ስለሆነ፣ ማንም ትምህርት ቤት የማይሰጥህን ፍጥነት ይሰጥሃል።

በሃያ ዓመቱ ገደማ ሮበርታ ፍላክ ባንድ ውስጥ ገባ። እዚያ ከኋላ ቆሞ የሚያጅብ አንድ ወፍራም ድምፃዊ ነበር፤ ሉተር ቫንድሮስ። እሱም እንደ ማርከስ የስቱዲዮ ሰው ነው፤ የማስታወቂያ ዜማና የሌላ ሰው ዘፈን ላይ «ኡኡ አአ» እያለ የሚኖር። ሁለት አጃቢዎች ተገናኙ ማለት ነው። ይቺ ነገር እየተደጋገመች አይደል? ማክዶናልድና ሳልተር ከቤላፎንቴ ኋላ፣ ሚለርና ቫንድሮስ ከፍላክ ኋላ። ሰው አጋሩን የሚያገኘው ከጎኑ ቆሞ ከሚሠራው ሰው ነው። የፊተኛውን ሰው ስታሳድድ ጊዜህን አትጨርስ።

በ1981 የሉተር የመጀመሪያ የራሱ አልበም ወጣ። «ኔቨር ቱ መች»። ቤዙ ማርከስ ነው። ዘፈኑ ግን የሉተር ብቻ ድርሰት ነው። በቀጣዩ ዓመት ሉተር ለአሬታ ፍራንክሊን አልበም ፕሮዲዩስ ሲያደርግ «ጃምፕ ቱ ኢት» የሚል ዘፈን መጣ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። ደራሲዎች፦ ሉተር ቫንድሮስና ማርከስ ሚለር። ዘፈኑ በአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ያው ልጅ፣ ያው ጓደኛ። ማርከስ ቅንፍ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ አልወጣም። «ቲል ማይ ቤቢ ከምስ ሆም»፣ «ኤኒ ላቭ» እያለ ከሉተር ጋር ለዓመታት አብሮ ጻፈ። አብዛኛውን ጊዜ ማርከስ ሙዚቃውን ይዞ ይመጣል፤ ግሩቩን (የምቱን አካሄድ)፣ ኮርዱን፣ ቤዙን። ሉተር ከላይ ዜማውንና ቃሉን ያስቀምጣል። ይህንን አስምርበት፤ «ዘፈን መጻፍ» ማለት ግጥም መግጠም ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። በእኛም አገር «ደራሲ» ሲባል ብዙ ጊዜ ባለ ግጥሙ ነው ቀድሞ የሚታሰበው። ኮርድና ግሩቭ ይዘህ ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጥክ አንተም ጸሐፊ ነህ። ጠረጴዛው ላይ መቀመጥህ ግን መታወቅ አለበት።

በ1991 «ፓወር ኦፍ ላቭ፣ ላቭ ፓወር» ወጣ። በ1992 የምርጥ የአር ኤንድ ቢ ዘፈን ግራሚን ሦስት ሰዎች ወሰዱበት፤ ሉተር፣ ማርከስና ቴዲ ቫን። ቴዲ ቫን ማነው? በ1967 ሳንድፔብልስ የሚባሉ ልጆች የዘፈኑትን «ላቭ ፓወር» የጻፈ ሰው ነው። እነሉተር ያንን አሮጌ ዘፈን ከአዲሱ ጋር ሰፉት። ቫን ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ በአሮጌ ዘፈኑ ግራሚ በላ። በ1967ቱ ሸክላ ላይ ቤዝ የተጫወተው ማን እንደሆነ ብጠይቅህ መልስ አታገኝልኝም።

የጎን ወሬ ልጨምርልህ። ማርከስ በ1988 ለአንድ ፊልም «ዳ በት» የሚል የዳንስ ዘፈን ጻፈ፤ ኢ ዩ የሚባለው የዋሽንግተን ዲሲ ባንድ ተጫወተው። ጎ ጎ ነው ስልቱ። ዲሲ ያደጉ የእኛ ልጆች ጎ ጎን እንደ ሰፈራቸው ቋንቋ ያውቁታል። ከ33 ዓመት በኋላ በ2021 ኦስካር ላይ ተዋናይት ግሌን ክሎዝ ተነሥታ በእሱ ስትጨፍር ዓለም አየ። ያቺ ደቂቃ በቴሌቪዥን በታየች ቁጥር የደራሲው ሒሳብ ላይ የሆነ ነገር ጠብ ይላል። እኔ በሳቅ እየተንፈራፈርኩ ያሰብኩት ይህንን ነበር። ሙያ ክፉ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማርከስ ሴሽን አልተወም። የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ በ1981 ወደ መድረክ ሲመለስ ቤዙን ይዞ ከኋላው የቆመው እሱ ነው። በ1986 ደግሞ «ቱቱ» የተባለውን አልበም አብዛኛውን ጽፎ፣ ቤዙንም ሲንተሳይዘሩንም ክላሪኔቱንም ራሱ ተጫውቶ ለማይልስ አዘጋጀለት። የሴሽን ሥራው መሰላል ሆነው እንጂ እስር ቤት አልሆነበትም።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። የቤዝ መስመርህ ዘፈኑን ዘፈን ቢያደርገው ድርሻ አለህ ወይ? በልማድ፣ የለህም። በልማዱ ዘፈን ማለት ዜማና ግጥም ነው። ቤዝ፣ ከበሮ፣ ብራስ፣ ይህ ሁሉ ቅንብር ውስጥ ይገባል፤ ቅንብር አንዴ ይከፈልበታል። ልማዱ ፍትሐዊ ነው ወይ? አይደለም። በተለይ ለሶልና ለፈንክ። የ1979ን «ጉድ ታይምስ» ያለ ቤዙ አስበው። ምን ይቀራል? ያንን ቤዝ የተጫወተው በርናርድ ኤድዋርድስ ነው። በዚያው ዓመት ሹገርሂል ጋንግ የሚባሉ ልጆች ራፕ ሲያወጡ፣ ከሥሩ ያደረጉት ያንኑ የቤዝ ጉዞ ነበር። ኤድዋርድስና ጓደኛው ናይል ሮጀርስ በጠበቃ መጡ፤ ስማቸው የራፑ ደራሲዎች ውስጥ ገባ። ለምን ቻሉ? ኤድዋርድስ ቤዙን ስለተጫወተ አይደለም። የ«ጉድ ታይምስ» ደራሲ ስለነበር ነው። ያንኑ መስመር የተቀጠረ ሰው ተጫውቶት ቢሆን ኖሮ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ይሰማ ነበር።

ፍርድ ቤት ሄዶ ያሸነፈ የለም እንዳልል፣ አንድ አለ። ሶል ሳይሆን የእንግሊዝ ሮክ ነው። የፕሮኮል ሃረም ኦርጋን ተጫዋች ማቲው ፊሸር በ1967 በአንድ ዘፈናቸው ላይ ያወጣት የኦርጋን መግቢያ ዓለምን ዞረች። በ2005 ከሰሰ። 40 በመቶ ተፈረደለት። በይግባኝ ገንዘቡ ተነጠቀ። በ2009 ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት መለሰለት። አሸነፈ፤ ግን የቀደሙትን የ38 ዓመታት ገቢ አላገኘም፤ የሚቆጠርለት ከክሱ ወዲህ ያለው ብቻ ነው። አንተ ይህን ያህል የመክሰሻ ገንዘብም ዕድሜም አለህ?

እኔም አንዴ ደርሶብኛል፤ ስለዚህ በመጽሐፍ ብቻ የማወራ እንዳይመስልህ። በካሴት ዘመን ነው። አንድ ስቱዲዮ ለአንድ ዘፈን ጠርቶኝ ሄድኩ። ዘፋኙ ዜማው አለው፤ መግቢያ ግን የለውም። ትዝታ ቅኝት ላይ ነው፤ ኪቦርዲስቱ አንዱን ኮርድ ይዞ ተኝቷል። እኔ ቤዙን ከላይኛው ኦክታቭ አንሥቼ አምስት ኖታ እየወረድኩ መጣሁ፤ ሦስተኛዋ ላይ ትንሽ ዘገየሁ። ኢንጂነሩ ከመስታወቱ ማዶ እጁን አወጣ፤ «ይቺን ድገማት!» አለኝ። ደገምኳት። በአሥር ደቂቃ አለቀ። ምሳ ጋበዙኝ፤ የአንድ ዘፈን ሒሳቤን በፖስታ ሰጡኝ። ካሴቱ ሲወጣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ የሦስት ሰው ስም ተጽፏል፤ የእኔ የለም። አሁን ሚኒባስ ውስጥ ያ ዘፈን ሲከፈት ሰው የሚያውቀው ገና ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት በዚያች አምስት ኖታ ነው። ረዳቱ ሳይቀር በአፉ ያዜማታል። እኔም ሂሳብ ከፍዬ እወርዳለሁ።

ጥፋቱ የእነሱ ብቻ ነው ማለት አልችልም። ከመቅዳቴ በፊት አንድ ቃል አልተናገርኩም። የማውቀውም ነገር አልነበረም። አንተ ግን አሁን አውቀሃል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ስቱዲዮ የሚጠሩህ ተጽፎ ያለቀ ዘፈን ላይ ቤዝ እንድትጫወት ከሆነ፣ ሒሳብህን ተቀበል፣ አሳምረህ ተጫወት፣ ሂድ። ስምህ ብቻ እንዲጻፍ ጠይቅ፤ ይህን የሚከለክልህ የለም። ለእያንዳንዷ ማስጌጫ «ድርሻ» እያልክ ከተጨቃጨቅክ ሁለተኛ የሚጠራህ አታገኝም፤ ልክም አይደለህም። ዘፈኑ ገና ግማሽ ከሆነና «እስቲ አንድ ነገር አምጣ» ካሉህ ግን እጅህ ቤዙ ላይ ከማረፉ በፊት አፍህን ክፈት። «ዜማው ላይ አብሬ ልሠራ ነው ወይስ ልቀዳ ብቻ ነው?» በል። በጨዋነት፣ በሳቅ፣ ግን በል። አብረህ ልትጽፍ ከሆነ ከስቱዲዮ ሳትወጡ አንድ ወረቀት ላይ የዘፈኑን ስም፣ ቀኑን፣ ማን ስንት በመቶ እንደሚይዝ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። አሜሪካኖቹ ለዚህ የተለየ ፎርም አላቸው፤ የአንተ የደብተር ቅዳጅ ቢሆንም ይሠራል። በወዳጅነት መሐል ወረቀት ማውጣት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ዘፈኑ ተወዳጅ ከሆነ በኋላ ማውጣት ግን ይበልጥ ያሳፍራል።

የአገራችንንም ሕግ አንብበው፤ ረጅም አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህቺ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ናት) ደራሲንና ከዋኝን ለይቶ ያያል፤ አንተ ቤዝ ስትጫወት ከዋኝ፣ ዘፈን ስትጽፍ ደራሲ ነህ። የደራሲው የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ለልጆችህ ማለት ነው። ሕጉ ወረቀት ላይ ያለውን ያህል ገንዘቡ እጅ ላይ እንደማይደርስ አንተም እኔም እናውቃለን። ሆኖም ስምህ ያልተጻፈበት ነገር ነገ ሥርዓቱ ቢስተካከልም አይደርስህም።

ለመነሻ አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። ዛሬ ማታ ከክለብ ስትመለስ በጆሮ ማዳመጫ «ኔቨር ቱ መች»ን ክፈት። ሉተርን ተወው፤ ቤዙን ብቻ ተከተል። ማርከስ ምን ያህል ብዙ እንደሚጫወት፣ ግን ዘፋኙ ላይ አንዴም እንደማይወጣ ስማ። ቀጥለህ «ጃምፕ ቱ ኢት»ን ክፈት። እዚህኛው ላይ ቤዙን እያነሣህ እየጣልክ ዘፈኑን በጭንቅላትህ አዚመው፤ ምን ያህሉ ከቤዙ እንደተወለደ ይገባሃል። ከዚያ ከጻፍካቸው ዘፈኖች አንዱን በስልክህ ቅዳውና ላክልኝ። ቤዝ ብቻ ይዘህ፣ በራስህ ድምፅ። ድምፅህ ቢያስጠላም ግድ የለም፤ የሳልተርንም ድምፅ ማንም አያውቀውም።